ወደ ኋላ የዞረው ኮርቻ

በእኛ ከተማ፣ በሊዮን፣ የጋራ ብስክሌት ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሮ ካየህ ታልፈዋለህ። ተበላሽቷል ማለት ነው። ብስክሌቶቹ የከተማው ናቸው፤ ከአንዱ ማቆሚያ በካርድ ትወስድና ሌላው ላይ ትቆልፋለህ። ይህን ያወጀ የለም፣ በወረቀት ጽፎ የለጠፈም የለም። ጎማው የተነፈሰበት ወይም ካቴናው የወለቀበት ሰው ሳይክሉን ማቆሚያው ላይ መልሶ ይቆልፍና የኮርቻውን አፍንጫ ወደ ኋላ አዙሮ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የመጣው አይቶ ሌላውን ይወስዳል። እኛ የሊዮን ሰዎች በፖለቲካ አንስማማም፣ በአይብ አንስማማም፣ ከሁለቱ ወንዞቻችን የትኛው እንደሚያምር እንኳ ስንከራከር እንውላለን። በኮርቻው ግን እንተማመን ነበር። «ነበር» ያልኩት በራሴ ምክንያት ነው።

እኔ ኤድዊዥ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለስድስት ዓመት የጤነኛ ሳይክል ኮርቻ ሳዞር ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ላ ክሯ-ሩስ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ጠዋት ሰፈርተኛው ሁሉ በሳይክል ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታ ግን ያንን ዳገት የሚገፋ ጅል የለም፣ ሁሉም በሜትሮ ይወጣል። ስለዚህ ሳይክሎቹ ታች ወንዙ ዳር ሲከማቹ፣ እኛ ሰፈር ያለው ማቆሚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባዶውን ይቀራል። የጭነት መኪና እየመጣ መልሶ ይሞላዋል። ይሞላዋል፣ እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ። እናም ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ አንድ ሳይክል ካየሁ ኮርቻውን አዞርና እገባለሁ። ጠዋት ስመጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ማንን ጎዳሁ? ሰረቅኩ? አልሰረቅኩም። አስቀመጥኩ እንጂ።

ነቅተውብኝ የነበሩት ሙሴ ኦክታቭ ብቻ ናቸው። ሙሴ ኦክታቭ ዕድሜ ልካቸውን በሳይክል ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ጠዋትና ማታ ውሻቸውን ይዘው ማቆሚያው አጠገብ ይቆማሉ። አንዱን ጎማ ጫን፣ የሌላውን ፍሬን ጨበጥ እያደረጉ ይመረምራሉ፤ የተበላሸ ካገኙ ኮርቻውን ያዞራሉ። ማንም አልቀጠራቸውም።

«ኤድዊዥ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው የዞረው?» ይሉኛል።

«እኔ ምን አውቃለሁ ሙሴ ኦክታቭ።»

«ትናንት ማታ ሳየው ጤነኛ ነበር እኮ።»

«ሌሊት አሞት ይሆናላ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ታገኚያታለሽ።»

እስቅባቸውና ኮርቻውን መልሼ አቅንቼ ቁልቁል እለቀዋለሁ።

እናቴ ሁጌት ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከትምህርት ቤት አውጥተው ሐር ማቅለሚያ ቤት አስገቧት፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጥፍሮቿ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆነው ኖሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ ጓዟን ጠቅልላ እኔ ጋ መጣች። አንድ ምሽት ሾርባ እየጠጣን ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ባክ ልፈተን ነው» አለችኝ። ባክ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናችን ነው፤ ካለፈው ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንኳ በሕልሙ እንደገና ይፈተነዋል።

«አሁን ምን ሊያደርግልሽ እማዬ?» አልኳት።

«ምንም አያደርግልኝም። ሳልይዘው መሞት አልፈልግም፣ አለቀ።»

ሁለት ዓመት ተኩል የማታ ትምህርት ቤት ተመላለሰች። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ወረቀት ብዛቱ ሌላ ነው፤ ሳህን ሳጥብ ስለ ነፃነት፣ ድንች ስልጥ ስለ ኅሊና አነብ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ አንድ ነገር ተናገረች። «አንዴ ነው የምቀመጠው። ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ደብተሮቼን ወረቀት መጣያ ውስጥ ከትቼ ሹራቤን እሠራለሁ።» እናቴ ያለችውን ታደርጋለች፤ ስለዚህ ቀልድ አልነበረም።

የመጀመሪያው ፈተና ፍልስፍና ነበር። በሰኔ ወር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት። ቦታው ከሮን ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ነው። በመጥሪያው ወረቀት ላይ በሩ ልክ በሁለት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ከውጭ ምንም ነገር እንደማይገባ በደማቁ ተጽፏል። እናቴ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ወጣች። ስልክ ክልክል ነው ብላ ስልኳን አልጋዋ ላይ ትታ፣ ጉንጬን ግራና ቀኝ ስማኝ፣ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ወረደች።

አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ዳቦዬን ቅቤ ልቀባ ስቀመጥ መነጽሯ ቅቤው አጠገብ ተቀምጧል።

ክው አልኩ። እናቴ ሁለት መነጽር ነው ያላት። የሩቁን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስለወጣች ምንም የጎደላት አልመሰላትም። አረንጓዴ ማንጠልጠያ ያለው የማንበቢያው ግን ይኸው እኔ ፊት ነው። ያለ እሱ እናቴ የጋዜጣ ርዕስ እንኳ አታነብም። አራት ሰዓት ሙሉ ነጭ ወረቀት ላይ አፍጥጣ ልትቀመጥ ነው፤ ከዚያ መጥታ ደብተሮቿን ልትጥል ነው። ወሽመጤ ተቆረጠ።

በእግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሜትሮው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚተወኝ። ታክሲ በዚያ ሰዓት ድልድዩ ላይ በትራፊክ ተጨናንቆ ይቆማል። በሳይክል ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ። መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጥቼ ሮጥኩ።

ማቆሚያው ባዶ ነው። የዚያን ሰሞን የእናቴን ጥናት ሳዳምጥ ስላመሸሁ ለራሴ ያስቀመጥኩት አልነበረም። ሃያ መቆለፊያ፣ አንድ ሳይክል። እሱም ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን «ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ማቆሚያ ይፈልጋል። እኔ ግን ያንን ኮርቻ አይቼ ሳቅኩ። ይሄን ጨዋታማ አውቀዋለሁ! እንደኔ ያለ አንድ ብልጣ ብልጥ ማታ አስቀምጦት፣ አሁን ቤቱ ቁርሱን ይበላል። ይብላ! ካርዴን አስነካሁ፣ አረንጓዴው በራ፣ ሳይክሉን ጎትቼ አወጣሁና ኮርቻውን አቀናሁት። ሰው ያስቀመጠውን ስነጥቅ ትንሽ ደስ እንዳለኝም አልደብቅም።

ሙሴ ኦክታቭ ከመንገዱ ማዶ ውሻቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ።

«ኤድዊዥ! ኧረ ኮርቻው! ኤድዊዥ! ፍ...»

የቀረውን ነፋስ ወሰደው። «ማታ ይሰድቡኛል ሙሴ ኦክታቭ! ዛሬ ጊዜ የለኝም!» ብዬ እጄን አውለብልቤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የላይኛው መንገድ ሜዳ ነው፤ እዚያ ፍሬን አያስፈልግም። መንገዱ አልቆ ኮረብታው ቁልቁል የሚወርድበት ኩርባ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ የቀኙን ፍሬን ጨበጥኩ። መጨበጫው እጄ ውስጥ ገባ፤ ምንም አልተያዘም። የግራውን ጨበጥኩ። እሱ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ትንሽ ያዘ፣ ከዚያ ቷ አለና ሽቦው ጉልበቴ ላይ ተንጠለጠለ።

ያኔ ነው የሙሴ ኦክታቭ «ፍ» የገባችኝ። ኮርቻው እውነቱን ነበር የተናገረው። እሳቸው ናቸው አይተው፣ መርምረው፣ ለሰው ብለው ያዞሩት። እኔ ውሸታሟ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚዋሽ መሰለኝ።

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ግን ሲቀመጡ ነው የሚመጣው። በዚያች ሰዓት የማስበው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ መነጽሩ እንዳይሰበር፣ እኔም እንዳልሞት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሁለቱን እግሮቼን አውርጄ አስፋልቱን መፋቅ ጀመርኩ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ የሳይክሉ ሳይሆን የጫማዬ ነው። አንድ ሰውዬ የዳቦ ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ከታች ደግሞ አውቶቡስ እያቃሰተ እየወጣ ነው።

ከአውቶቡሱ በፊት በግራ በኩል አንድ መንገድ አለ። ኮረብታውን አግድም ይዞ ሄዶ መጨረሻው ሽቅብ ይላል። ይህን መንገድ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ፤ ለመሄጃም ለመምጫም አይረባም። ዓይኔን ጨፍኜ ታጠፍኩበት። ሳይክሉ ሮጠ፣ ዳገቷን ያዘ፣ አዘገመ፣ አዘገመና ከአንድ አትክልት ቤት ፊት ለፊት፣ ከሐብሐብ ክምር አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆመ።

ባለሱቁ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ። «መዳም፣ ሐብሐብ ልስጥሽ?»

«ፍሬን!» አልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

«እሱ አልቋል» አለና ወደ ሐብሐቡ ተመለሰ።

ደረቴን ዳበስኩ። መነጽሩ አለ። ሁለቱም መስታወት ደህና ነው። እፎይ ለማለት ግን ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ሆኗል። የቀረውን ቁልቁለት ሳይክሉን በእጄ ይዤ፣ እሱ እየጎተተኝ እኔ እየጎተትኩት፣ በሩጫ ወረድኩ። እዚያው ጥዬው በሄድኩ ይሻል ነበር፤ ግን ከወንዙ ጀምሮ ያለው ሜዳ ነው፣ በእግር ከሄድኩ አልደርስም። ወንዙ ዳር እንደገና ወጣሁበት። ቀይ መብራት ባየሁ ቁጥር ከሩቁ መርገጤን እያቆምኩ፣ በእግሬ እየጎተትኩ፣ መኪና የሚነዳው ሁሉ እያጨበጨበልኝ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ሊሴው በር ላይ ስደርስ ለሁለት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ ጥዬ ዘለልኩ። በሩ ላይ የቆመችው ዘበኛ ደልደል ያለች፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ ሴት ነች። እጇን ዘርግታ አገደችኝ።

«ተፈታኝ ነሽ?»

«አይደለሁም፤ እናቴ...»

«እናት አይገባም።»

«እናት እኔ አይደለሁም! እናቴ ነች ተፈታኟ! መነጽሯን ረስታ ነው!»

ዘበኛዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ፀጉሬ ቆሟል፣ ሱሪዬ ቅባት በቅባት ሆኗል፣ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፍቷል።

«እናትሽ አጠር ያለች፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች?»

«አዎ! እሷ!»

«ወይኔ ጉዴ! ፈታኝ መስላኝ የመምህራኑን በር አሳይቻት ነበር እኮ። ‹የኔ ልጅ፣ እኔ ልፈተን ነው የመጣሁት› አለችኝ። አምጪው፣ አምጪው!»

መነጽሩን ከአንገቴ አውልቃ ወሰደች። ያቺ ደልዳላ ሴት እንዲያ ትሮጣለች ብዬ አላስብም ነበር። በግቢው ውስጥ የቁልፍ ዘለላዋ ሲንኳኳ ተሰማኝ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ዋጣት። አንድ ሰውዬ መጥቶ በሩን ዘጋ። ደወሉ ተደወለ።

በደወሉና በዘበኛዋ መመለስ መካከል ያለፈው አራት ደቂቃ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግማሽ ቀን ነበር። የበሩን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ግቢውን ሳይ፣ እናቴ ነጭ ወረቀት ላይ አፍጥጣ ትታየኛለች። «ምን ነበረበት ጠዋት ቦርሳዋን ብፈትሽላት?» እላለሁ። «ምን ነበረበት ሰውዬውን ብሰማቸው?» እላለሁ።

ዘበኛዋ ላቧን እየጠረገች መጣች። ገና ከሩቅ አውራ ጣቷን ቀስራለች።

«ደርሷል! ወረቀቱን ክንዷ እስከቻለ አርቃ ይዛ፣ ዓይኗን አጨናብሳ አገኘኋት። ፈታኙ ከእጄ ተቀብሎ ሰጣት።»

«ምን አለች?»

«‹ልጄ በምን ደረሰች?› አለች። በሳይክል አልኳት። እሷማ ራሷን ነቅንቃ ሳቀች። ከዚያ ጥያቄውን አነበበች፣ እንደገና ሳቀች። ፈታኙ ‹ጸጥታ› አለን።»

እዚያው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ አልኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ከፊቴ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ባክ የወደቀች አሮጊት ተማሪ ሳልመስለው አልቀረሁም። እኔ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም። አየሩ ጣፈጠኝ። ዘበኛዋንም ሳምኳት።

ከዚያ ሳይክሉ ነበረ። የሊሴው ጥግ ላይ ያለው ማቆሚያ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም ወርዶ እዚያ ነው የሚያቆመው። አንድ ሰው አንዱን እስኪያወጣ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩና ቦታውን ነጥቄ ቆለፍኩ። ከዚያ ኮርቻውን ያዝኩና ወደ ኋላ አዞርኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ እውነት ብዬ ሳዞር የመጀመሪያዬ ነው።

ዞር ከማለቴ የሥራ ቦርሳ ያነገተች አንዲት ወጣት መጣችና ካርዷን አውጥታ ቀጥታ ወደዚያው ሳይክል ሄደች።

«እሱ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«ኮርቻው ዞሯል አይደል? ፍሬን የለውም።»

ፈገግ አለች። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እርስዎ ሊመለሱበት ነው።»

ፊቴ ቲማቲም መሰለ። «በእናቴ! ፍሬን የለውም ስልሽ! ሌሎቹ ሞልተው የለ እንዴ!»

«ሌሎቹ ጎማቸው ልል ነው። ይሄ ደግሞ ጎማው ደንደን ያለ ነው፣ ለዚያ ነው ያስቀመጡት» ብላ እጇን ወደ ሳይክሉ ዘረጋች።

ሳይክሉን አቀፍኩት። ምን ላድርግ? የተበጠሰውን ሽቦ አሳየኋት፤ ሽቦ ሁሉም ጋ ይንጠለጠላል አለችኝ። በመጨረሻ የቀኝ እግሬን አንስቼ ሶሉን አሳየኋት። ካልሲዬ በቀዳዳው ይታያል። ያኔ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ከየት ነው የመጡበት?»

«ከላ ክሯ-ሩስ።»

«በዚህ?!» አለች፤ ካርዷን ኪሷ ከታ ሌላ ልትፈልግ ሄደች። እኔም ለሐኪሙ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩና ከሊሴው ፊት ለፊት ካለ ካፌ በረንዳ ላይ አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ በጩኸት ወጡ። እናቴ በመሃላቸው፣ መነጽሩን በአረንጓዴ ማንጠልጠያው ደረቷ ላይ ጥላ፣ ጣቶቿ እንደ ድሮው በቀለም ሰማያዊ ሆነው መጣች። ልብ አንጠልጥዬ አላቆያችሁም፤ ውጤቱ በሐምሌ መጣ፣ አልፋለች፣ ትልቁን ነጥብ ያገኘችውም በፍልስፍና ነው። ያን ቀን ግን ውጤቱን ሳላውቅም ፊቷን አይቼ በቃኝ።

«ጫማሽ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ መጀመሪያ።

«ረጅም ታሪክ ነው። ጥያቄው ምን ነበር?»

«‹ማንም ካልተጎዳ ውሸት ጥፋት ነው ወይ?› የሚል ነው።»

«እና? ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጥፋት ነው ብዬ። ምሳሌም ሰጥቻለሁ።»

«ምን ምሳሌ?»

«ሰፈር ስንደርስ አሳይሻለሁ» አለችና ክንዴን ይዛ ወደ ሜትሮው ጎተተችኝ።

ኮረብታው አናት ላይ ከሜትሮው ስንወጣ ሙሴ ኦክታቭ በሩ ላይ ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እንደሆኑ ከውሻቸው መሰላቸት ያስታውቃል። ሲያዩኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ነፍስሽ አለች! ፍሬን የለውም እያልኩ ስጮህ አልሰማሽም?»

«ሰምቼዎታለሁ። ስለ ኮርቻው የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነው እኮ። ይቅር ይበሉኝ ሙሴ ኦክታቭ።»

«ስድቡስ መቼ ቀረልሽ፣ ነገ ታገኚዋለሽ። ዛሬ ቆመሽ ስላየሁሽ ደስ ብሎኛል» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ማቆሚያው ጋ ደረስን። እናቴ ቆመች፣ ከባዶዎቹ መቆለፊያዎች አንዱን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«የማታ ትምህርት የጀመርኩበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ኅዳር ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። በሳይክል ልወርድ ብዬ እዚህ መጣሁ። አንድ ብቻ ነበር፣ ቅርጫቱ በጎን የተጣመመ። ኮርቻው ዞሯል። እኔ ደግሞ ተበላሽቷል ካሉኝ አምናለሁ። በእግሬ ወረድኩ።»

ምን ልትል እንደሆነ ገና ሳትጨርስ ገባኝ።

«ስደርስ ትምህርቱ ተጀምሯል። ልብሴ ይንጠባጠባል። በበሩ መስታወት ሳይ ሁሉም ልጆች ናቸው። የበሩን እጀታ ሦስት ጊዜ ይዤ ሦስት ጊዜ ለቀቅኩ። ‹ሁጌት፣ አንቺና ትምህርት አልተገናኛችሁም፣ ሂጂ ቤትሽ› አልኩና ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። መምህሩ ጠመኔ ሊያመጣ ወጥቶ ባያገኘኝ ኖሮ ይኸው እስከ ዛሬ ሹራቤን እየሠራሁ ነበር። ማታ ቤት ስገባ አንቺ ዳቦሽን እያኘክሽ ‹ለነገ ቅርጫቱ የተጣመመውን አስቀምጫለሁ› አልሽኝ።»

መንገዱ መሃል አለቀስኩ፤ ሰው ቢያየኝም አላፈርኩም። ማንን ጎዳሁ እያልኩ ስድስት ዓመት የኖርኩት ለካ ከተጎዳችው ሴት ጋር በአንድ ገበታ እየበላሁ ነው።

«ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

እናቴ መነጽሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። ዓይኖቿ ይስቃሉ።

«ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። መምህሩ ግን በዚያው ምሽት ‹ጥሩ ምሳሌ ያላችሁ እንደ ዋዛ አታውጡት፣ ለፈተና ያዙት› ብሎን ነበር። እኔም ኮርቻውን አዞርኩና ለራሴ አስቀመጥኩት።»